ሞተሪኖውና የሚንጫጫው ቆርቆሮ

አንድ ዘርጋው የሚባል መካኒክ በደለኝ። ስሙን መጀመሪያው መስመር ላይ ያስቀመጥኩት ሰው ሁሉ እንዲያውቀው ነው። እኔ በሰው ጀርባ አላወራም፣ ፊት ለፊት ነው የማወራው። ካደግኩ በኋላ ፊደል ያስቆጠሩኝ የሰፈራችን መሪጌታ ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ የተማርኩት ነገር የለም። ጽሑፌ ቢወላገድ አንባቢ ይታገሰኝ፤ ነገሩ ግን አልተወላገደም። ካነበባችሁት በኋላ የሚጠቅም ከመሰላችሁ ለሌላ ሰው አንብቡለት።

ውድነሽ እባላለሁ። ሥራዬ ጧፍ መሥራት ነው። ሰም አቀልጣለሁ፣ ክር እነክራለሁ፣ ሰቅዬ አደርቃለሁ፣ ለሦስት ደብር አቀርባለሁ። የእኔ ጧፍ አይጣመምም፤ የተጣመመ ጧፍ አይቶ ‘የውድነሽ ነው’ የሚል ሰው ካለ ይምጣና እንነጋገር። ባለቤቴ ሲሞት አንድ አሮጌ ሚኒባስ ትቶልኝ ሄደ። ከተማችን አፋፍ ላይ ናት። ሚኒባሷ በገበያ ቀን ሰው ጭና ቆላ ትወርዳለች፣ ከሰዓት በኋላ ያንን ረጅም አቀበት ይዛ ትመለሳለች። የሚነዳት ስንሻው የሚባል ሰው ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ነድቷታል። ዝምተኛ ነው። ሲናገርም ቃሉን እንደ ሰም ጠብታ አንድ በአንድ ነው የሚያወጣው። እኔ ደግሞ ሰው የጀመረውን እስኪጨርስ መጠበቅ አልችልበትም።

አቀበቱ የሚያልቅበት ቦታ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አለ። መንገደኛ ሁሉ እዚያ ወርዶ ይሳለማል። በባለቤቴ ጊዜ የወጣ አንድ ሕግ አለን፤ በሚካኤል ደጅ ሞተር እያጓራ አይቆምም፣ ይጠፋል። ሰው ተሳልሞ ሲመለስ ሞተሩ ይነሣል፣ ጉዞ ይቀጥላል። ስንሻው ይህን ሕግ አሥራ አንድ ዓመት አክብሯል። በእነዚያ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ መኪናዋ በዚያ ደጅ አልነሣም ብላው አታውቅም። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

መኪናዋ ግን አንድ ጠባይ ነበራት። ቁልቁለት ስትወርድና ከተማ ስትገባ ከሆዷ ውስጥ ቅጭልጭል ትላለች። የሰፈሩ ሰው ‘ጸናጽል’ ብሎ ስም አወጣላት። ብዙ ጊዜ እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ። አንድ ቀን ግን በሠርግ ቤት ዳሱ ሞልቶ ሳለ መኪናዋ በደጅ ስታልፍ፣ አንዲት ጎረቤቴ “የእትዬ ውድነሽ ጸናጽል መጣች፣ ተነሡ እንዘምር” ብላ ዳሱን በሙሉ አሳቀችብኝ። ጸናጽል በመቅደስ ያምራል፤ በእኔ መኪና ሆድ ውስጥ ግን ስድብ ነው። ሠርጉ ሳያልቅ ተነሥቼ ዘርጋው ጋራዥ ሄድኩ።

“ይህችን መኪና ዝም አሰኛት” አልኩት።

“የሚንጫጫው ምን እንደሆነ ልየውና…”

“ምንም ይሁን። ድምፅ እንዳልሰማ።”

ዘርጋው ዝም አሰኛት። ምን አድርጎ ዝም እንዳሰኛት አልጠየቅኩም። የፈለግኩት ዝምታ ነበር፣ አገኘሁት። ያን ሰሞን ከተማ ውስጥ ስንገባ መስኮቱን ከፍቼ ቀና ብዬ ነበር የምቀመጠው።

ወር ሳይሞላ ሞተሪኖው ሞተ። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ሞተሪኖ ማለት ቁልፉ ሲዞር ትልቁን ሞተር ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ትንሹ ሞተር ነው። ሥራው አጭር ነው። ቀስቅሶ ዝም ይላል። የኛ ሞተሪኖ ግን ጠዋት ጠዋት ደህና ሆኖ ይውልና፣ አቀበቱን ወጥተን ሚካኤል ደጅ ስንደርስ፣ ቁልፉ ሲዞር አንድ ጊዜ ጠቅ ብሎ ጭጭ ይላል። ሊሳለሙ የወረዱ ሴቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መኪና ይገፋሉ። የሚንጫጫ መኪና ያስቃል ብዬ ነበር፤ የሚገፋ መኪና ምን ያህል እንደሚያስቅ ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ዘርጋው ሞተሪኖውን ቀየረው። አዲሱም ብዙ አልቆየም፤ እሱንም ቀየረው። በሁለተኛው ጊዜ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀረብ አለኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“እትዬ፣ ዕቃው ጥፋት የለበትም። የሾፌሩ እጅ ከባድ ነው። ቁልፉን ካዞረ በኋላ ይዞ አይለቅም። ሞተሪኖ የሚበላው እሱ ነው።”

ስንሻውን ጠየቅኩት። እውነቱን ለመናገር አልጠየቅኩትም፣ ጮህኩበት።

“አንተ፣ እጅህን ምን ነካው?”

“እትዬ፣ እኔ እንደሚመስለኝ ያ ቆርቆሮ…”

“ቆርቆሮ ቆርቆሮ አትበለኝ። ስለ ሞተሪኖ ነው የጠየቅኩህ።”

ዝም አለ። ዝም ሲል ጥፋቱን ያመነ መሰለኝ። እኔ ከተቆጣሁ ሁልጊዜ እንደዚያው ነበር። ጠዋት ሲያገኘኝ ደህና አደሩ ይላል፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ዘይቱ ሁለት ሦስት ቃል ይናገራል። ድምፄ ከፍ ሲል ግን አፉ ይያዛል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ጠባዩን ‘ድብቅነት’ እያልኩ ነበር የምጠራው።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነገሩ አለቀ። ደጁ በሕዝብ ተሞልቷል። ታቦቱ ከገባ በኋላ ሰው ተሳልሞ መኪና ውስጥ ገባ፣ ስንሻው ቁልፉን አዞረ፣ ጠቅ አለ፣ ጭጭ አለ። ሦስተኛው ሞተሪኖ መሆኑ ነው። ያቺ ጎረቤቴም እዚያው ነበረች። “ጸናጽሏ ቀረችና እኛን መቋሚያ አደረገችን” አለች። ሰው ሳቀ። በመስኮቱ በኩል እጄን ዘረጋሁ።

“ቁልፉን” አልኩት።

“እትዬ፣ ትንሽ ይብረድላት…”

“አሁን ቤትህ ገብተህ አንተ ትበርዳለህ። ቁልፉን።”

ወርዶ ቆመ። ቁልፉን በቀኝ እጁ ይዞ፣ በግራው ክንዱን ደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ ሰጠኝ። መንዳት የሚያውቅ አንድ ተሳፋሪ መሪውን ያዘ፤ ስንሻው ከሴቶቹ ጋር ሆኖ ከኋላ ገፋት። ስትነሣ እሱ እዚያው ቀረ፤ በእግሩ ነው ቤቱ የገባው።

ሰው የሚጠራበት ስም በአንድ ቀን ነው የሚወጣው። ስንሻው ‘ሞተሪኖ በላ’ ተባለ። ሥራ ሊጠይቅ የሄደባቸው ባለመኪኖች በሙሉ “ሞተሪኖ የሚያቃጥለው ሰውዬ አይደለህም እንዴ?” እያሉ መለሱት። ዘርጋው ደግሞ ወዲያው የሚስቱን ወንድም ሾፌር አድርጎ አመጣልኝ። አዲሱ ሾፌር አፉ አያርፍም፣ ሁሉን ያውቃል፤ የማያውቀው መንዳት ብቻ ነው። ሁለት ወር እንደሆነው፣ መሪጌታ ጧፍ ሊወስዱ መጥተው ሳለ ነገሩኝ። ስንሻው ቅዳሜ ጠዋት ከተማውን ለቅቆ ሊሄድ ነው፤ በሩቅ መንገድ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ተቀጥሯል። በአርባ ስድስት ዓመቱ፣ አሥራ አንድ ዓመት መሪ የያዘ ሰው፣ ጎማ ሥር ድንጋይ ሊያደርግ። ሚስቱና ልጆቹ እዚሁ ሊቀሩ።

“መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት” አልኩ።

መሪጌታ ጧፋቸውን ይዘው ወጡ፤ እንደ ወትሮው አልመረቁኝም።

ዓርብ ገበያ ነው። ሰም ልገዛ ራሴ ቆላ ወረድኩ። ሰሙን ገዝቼ፣ በኮባ ጠቅልዬ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ተመለስኩ። አቀበቱን ጨርሰን ሚካኤል ደጅ ስንደርስ ሞተሩ ጠፋ፣ ሰው ተሳለመ፣ ቁልፉ ዞረ። ጠቅ። ጭጭ።

“ምን ሆነች?” አልኩት አዲሱን ሾፌር።

“ባትሪ ይመስለኛል፣ እትዬ።”

“ባትሪማ ያለፈው ሳምንት ነበር። ለዛሬ ሌላ ፈልግ።”

“እንግዲያ ሞተሪኖ ይሆናል።”

“ያንተም እጅ ከባድ ነው?”

“የእኔማ እጅ ቀላል ነው” አለ፣ ትከሻውን ነቅንቆ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ከነከነኝ። ከባዱም እጅ አቃጠለው፣ ቀላሉም እጅ አቃጠለው። ከባድ የተባለው እጅ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ደጅ ሲያስነሣት አንድም አላቃጠለም ነበር።

“ወንበሩን አንሣ” አልኩት። “ሦስት ሞተሪኖ ስገዛ መልኩን አላውቀውም።”

የኛ ሚኒባስ ሞተሯ ያለው ከፊት ወንበር ሥር ነው። ወንበሩ ሲነሣ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ሞተሪኖ የሚሉት የቱ እንደሆነ በጣቱ አሳየኝ። ጎን ላይ የተለጠፈች፣ ከጣሳ የማትበልጥ ነገር ናት። ከእሷ መዳፍ በማይሞላ ርቀት ላይ ደግሞ የሞተሩ ጭስ የሚወጣበት ወፍራም ቱቦ ያልፋል፤ አቀበት ወጥቶ የመጣ ቱቦ ነው፣ እንደ ምድጃ ግሏል። ከሰሜ አንድ ቁራሽ ቆረስኩ፣ በስንጥር ሰካሁና ወደ ሞተሪኖው አስጠጋሁት። ገና ሳይነካው ራሱን ደፋ። ጠብ፣ ጠብ አለ።

ይህን ነገር አውቀዋለሁ። ቤቴ ጠባብ ስለሆነ ሰም የማቀልጥበት ምድጃና የሰቀልኩት ጧፍ ጎን ለጎን ናቸው። በመካከላቸው ግን አንድ ቆርቆሮ አቆማለሁ። ከምድጃውም ሁለት ጣት ይርቃል፣ ከጧፉም ሁለት ጣት ይርቃል፣ ነፋስ እንዲያልፍበት። ቆርቆሮው ምድጃውን ከነካ እሱ ራሱ ምድጃ ይሆናል። ይህን ሰው አላስተማረኝም፤ በልጅነቴ የተጣመመብኝ ጧፍ ነው ያስተማረኝ። ነፋሱ ካለ ግን እሳቱም ሥራውን ይሠራል፣ ጧፉም ቀጥ ብሎ ያድራል።

“እዚህ መካከል ምንም ነገር አልነበረም?” አልኩት።

አዲሱ ሾፌር አጎንብሶ አየ። “እኔ የማውቀው የለም፣ እትዬ። ሁለት የቡሎን ቀዳዳ ግን አለ። ቡሎን የለበትም።”

ያ ቆርቆሮ፣ ብሎኝ ነበር ስንሻው። ያ ቆርቆሮ፣ ብሎ ነው አፉ የተያዘው።

ሰዎቹ ነጠላቸውን ማሰር ጀምረው ነበር። “አይገፋም” አልኳቸው። “ትንሽ ይብረድላት።” ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ የማን ቃል እንደሆነ አስታወስኩ። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። አንዳንዱ አጉረመረመ፣ አንዳንዱ በእግሩ ሄደ። ከዚያ ቁልፉ ሲዞር መኪናዋ ያለ አንዳች ችግር ተነሣች።

በቀጥታ ወደ ዘርጋው ጋራዥ ንዳ አልኩት። ዘርጋው ሻይ የሚያፈላባት በላምባ የምትሠራ ትንሽ ምድጃ አለችው። ነፋስ እንዳያጠፋበት በጎኗ የጎበጠ ቆርቆሮ አቁሞባታል። ሞተሪኖ ላስቀይር በመጣሁ ቁጥር እዚያ ተቀምጬ ሻይ ጠጥቻለሁ። ብርጭቆዬንም አስደግፌበታለሁ። አሁን ቆርቆሮውን ዞር አድርጌ አየሁት። ዳርና ዳሩ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለው።

“ይህ ምንድን ነው?”

“ቆርቆሮ ነው፣ እትዬ።”

“የማን ቆርቆሮ?”

መፍቻውን አስቀመጠ። “የእርስዎ ነው። ከሞተሪኖውና ከጭሱ ቱቦ መካከል ነበር። አንዱ ቡሎን ላልቶ ነው ይንጫጫ የነበረው።”

“ማጥበቅ አቃተህ?”

“ዝጎ ነበር፤ ሳጠብቀው ይሰበራል ብዬ ፈታሁት። እርስዎም ‘ምንም ይሁን፣ ድምፅ እንዳልሰማ’ አሉኝ። ያለ እሱም ትሄዳለች ብዬ…”

“ሞተሪኖው አንድ በአንድ ሲቃጠልስ አልገባህም?”

“ሁለተኛው ላይ ገባኝ።”

“ታዲያ?”

“ታዲያማ አፈርኩ። ‘እኔ ነኝ’ ከምል ‘እሱ ነው’ ማለት ቀለለኝ። የሚስቴም ወንድም ሥራ ፈትቶ ቤቴ ተቀምጦ ነበር።”

ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ ይህን ጽሑፍ ልጆችም ያነቡታል። ስጨርስ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ዘርጋውም አፉ ተይዞ፣ መሬት መሬት እያየ ቆሟል። ልክ እንደ ስንሻው። በደለኛውም ንጹሑም እኔ ፊት ሲቆሙ አንድ መልክ ነው ያላቸው፤ ታዲያ እኔ በምን ልለያቸው ኖሯል?

“ቆርቆሮዬን አምጣ” አልኩት።

“ምድጃዬን ነፋስ ያጠፋብኛል፣ እትዬ።”

“ያጥፋብህ።”

ራሴ አጠገቡ ቆሜ አስገጠምኩት። ከቱቦው ሁለት ጣት፣ ከሞተሪኖው ሁለት ጣት። እጄን እያስገባሁ ለካሁ። አዲስ ቡሎን አደረገበት፣ አጠበቀው፣ ነቀነቀው። “አንደኛው ቀዳዳ ሰፍቷል” አለ። “ትንሽ መንጫጫቷ አይቀርም።”

“ትንጫጫ” አልኩት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አቀበቱን እስከ ግማሽ ወርደን ተመልሰን ወጣን። ሚካኤል ደጅ ሞተሩ ጠፋ። ወርጄ ተሳለምኩ፤ ሆን ብዬ ቆየሁ። ስመለስ ቁልፉ ዞረ፣ መኪናዋ ተነሣች።

ነገሩ ይህ ነው። እንግዲህ እኔ የተማርኩትን ልናገር። ሞተሪኖው ደካማ አልነበረም፤ ከእሳት አጠገብ ያለ ከለላ የተቀመጠ ነበር። እኛ የተቃጠለውን እያወጣን ሌላ አስገባን፣ እሱም ሲቃጠል ሌላ አስገባን፣ እሳቱን ግን ዞር ብሎ ያየ የለም። በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ አይደለም ወይ? ሰው ከቁጡ አለቃ ወይም ከቁጡ አማት ሥር ይገባል፤ ጠዋት ደህና ነው፤ ቀትር ላይ ቃል ያጥረዋል፤ ‘ሰነፍ ነው፣ ድብቅ ነው’ ይባልና ይወጣል። የሚተካውም እንዲሁ ይሆናል። ሰው ፊታችሁ ሲቆም አፉ የሚያዝ ከሆነ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት እጃችሁን አስጠግታችሁ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ እዩ። ከራሳችሁ ሊሆን ይችላል።

ዘርጋው በደለኝ ብዬ ጀምሬያለሁ፤ አልሰርዘውም፣ በድሎኛል። ነገር ግን ‘ምንም ይሁን፣ ድምፅ እንዳልሰማ’ ያልኩት እኔ ነኝ። ያ ጆሮዬን ያሰለቸኝ፣ በሰው ፊት ያሳፈረኝ ቅጭልጭልታ፣ ለካ ቤቴን የሚጠብቅ ዘብ ነበር። እኔ ደግሞ እሳት ነኝ። በሰባ ሁለት ዓመቴ ውኃ ልሁን ብልም አልሆንም፤ መሆንም አልፈልግም። ቱቦውም ካልጋለ መኪና አቀበት አይወጣም። ማድረግ የምችለው በእኔና በሰው መካከል ሁለት ጣት ነፋስ ማኖር ነው። ሁለት ጣት ማለት ብዙ አይደለም፤ አንድ ሰው የጀመረውን ቃል እስኪጨርስ ድረስ ያለችው ጊዜ ናት። እናንተስ ጋ ጀምሮ ያልጨረሰ ማን አለ?

በማግስቱ ጠዋት፣ ቅዳሜ፣ አዲሱን ሾፌር ከቤቱ አስጠርቼ ወደ ጭነት መኪኖቹ መቆሚያ ንዳ አልኩት። መኪናዋ ከተማውን እየተንጫጫች አቋርጣ ገባች። ስንሻው አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ሥር አጎንብሶ ጎማ በብረት እየመታ ያዳምጥ ነበር። ድምፁን ሲሰማ፣ ገና ሳያየን፣ ቀና አለ። ወረድኩ። ሾፌሩም ረዳቱም ጫኙም ቆሞ ያያል፤ እንዲያዩ ነው የሄድኩት።

“ሞተሪኖ የበላው ይህ ሰው አይደለም” አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። “እኔና ዘርጋው ነን።”

ከዚያ ቁልፉን በቀኝ እጄ ይዤ፣ በግራዬ ክንዴን ደግፌ፣ ዘረጋሁለት። ቁልፉን አየ፣ እጄን አየ፣ ተቀበለኝ።

“እትዬ…” አለና ቆመ።

“‘ያ ቆርቆሮ’ ብለህ ጀምረህልኝ ነበር” አልኩት። “ጨርሰው።”

እሱም ቀስ ብሎ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያወጣ ነገረኝ። ሁሉንም አውቀዋለሁ። እስከ መጨረሻው ቆሜ ሰማሁት።